የኔትወርክ ፕሮግራሚንግ መጽሐፍ ስትመርጡ

ውድ ልጆቼ፣

ቅዳሜ ቅዳሜ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ስቀመጥ ላፕቶፕ ይዘው የሚመጡ ወጣቶች አሉ። ብዙ ጊዜ ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ጋሼ፣ ክላየንትና ሰርቨር (አገልግሎት ጠያቂና ሰጪ ፕሮግራም) መጻፍ የሚያስተምር ጥሩ መጽሐፍ ይጠቁሙን።» ስም ከመጥራቴ በፊት የደረሰብኝን አወራላቸዋለሁ።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የሽያጭ መረጃ ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ፕሮግራም ጻፍኩ። የተማርኩት ፎቶ ኮፒ ከተደረገ ቀጭን መጽሐፍ ነበር። ቢሮ ውስጥ በአንድ ኮምፒውተር ስሞክረው እንከን አልነበረውም። አዲስ አበባ ላይ ግን መረጃው እየተቆራረጠ፣ አንዳንዴም ሁለት መልእክት ተጣብቆ ይደርስ ጀመር። ሁለት ሳምንት ሙሉ መስመሩን ስወቅስ ከረምኩ። ጥፋቱ የኮዴ ነበር። መጽሐፉ በአንድ ጊዜ የተላከ በአንድ ጊዜ ይደርሳል ብሎ አስተምሮኛል።

ፕሮግራሜ መረጃ የላከበት ቲሲፒ የሚባለው የኮምፒውተሮች መላላኪያ ደንብ እንደ ቧንቧ ነው። በአንዱ ጫፍ ሦስት ጆግ ውሃ ብታፈሱ፣ በሌላው ጫፍ የአንዱ ጆግ ማለቂያ ከሌላው መጀመሪያ አይለይም። ቅደም ተከተሉ ይጠበቃል፤ የየመልእክቱ ወሰን ግን አይታወቅም። ስለዚህ ተቀባዩ የሚፈልገው እስኪሞላ ደጋግሞ ያነባል። መልእክቱ የት እንደሚያበቃ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፤ ወይ ርዝመቱን አስቀድማችሁ ትልካላችሁ፣ ወይ የማብቂያ ምልክት ታደርጋላችሁ።

እንግዲህ አንድ መጽሐፍ እጃችሁ ሲገባ ሪሲቭ የሚባለውን፣ የመጣውን መረጃ የሚያነበውን ፋንክሽን (የፕሮግራም ትእዛዝ) የሚያስረዳውን ገጽ ግለጡ። ንባቡ ሉፕ (ተደጋጋሚ ዙር) ውስጥ ነው? ዜሮ ሲመለስ ያኛው ወገን መላኩን እንደጨረሰ ይናገራል? ስህተት ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ያሳያል? ካላሳየ፣ ሽፋኑ የቱንም ያህል ቢያምር መልሱት።

ለጀማሪ ቢጅ (Beej) የተባለውን ጸሐፊ የኔትወርክ ፕሮግራሚንግ መመሪያ እመክራለሁ። አጭር ነው፣ ቋንቋው ቀላል ነው፣ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ሲ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ግን ትንሽ ማወቅ አለባችሁ። ከዚያ ወደ ሪቻርድ ስቲቨንስ «ዩኒክስ ኔትወርክ ፕሮግራሚንግ» እለፉ። መጀመሪያ የወጣው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። ስቲቨንስ በ1999 ካረፈ በኋላ ሦስተኛውን እትም ቢል ፌነርና አንድሪው ሩዶፍ አዘጋጁት። ፈልጋችሁ ይህንን ሦስተኛውን ያዙ። ወፍራም ነው፤ አትፍሩት። ቅጽ 1ን ስትከፍቱ አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ቆዩ። ሰርቨሩ ያለበት ማሽን በድንገት ቢጠፋ ክላየንቱ ምን እንደሚያይ ደረጃ በደረጃ ያሳያል።

ይህ ለእኛ አገር ትልቅ ነገር ነው። ያኛው ቢሮ መብራት ሲጠፋ ማሽኑ «ዘግቻለሁ» ብሎ አይልክም። እናንተ ጋ ግንኙነቱ ያለ ይመስላል። ፕሮግራሙ መልስ ብቻ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ደንበኛው ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ይቀመጣል።

ምዕራፉን ካነበባችሁ በኋላ የጓደኛችሁን ላፕቶፕ ሰርቨር አድርጉትና በመሃል የእሱን ዋይፋይ አጥፉት። ክላየንታችሁ ስንት ደቂቃ ዝም ብሎ እንደጠበቀ ጻፉና ቅዳሜ አምጡልኝ።