የአንባቢያን ጥያቄ፦ የፒስተን ብዕር አጠባብና አያያዝ

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አምስቱ የሚጠይቁት ስለ አንድ ዓይነት ዕቃ ነው፤ ካርትሪጅ (ተነቅሎ የሚቀየር ትንሽ የቀለም ቱቦ) ሳያስፈልገው፣ ኋላው ሲዞር በውስጡ ያለው ፒስተን እየተሳበ ከጠርሙስ ቀለም ስለሚጠጣው ብዕር። ጥያቄዎቹ እርስ በርሳቸው የተያያዙ በመሆናቸው ዓምዱን በሙሉ ለእነርሱ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ሌላ ቀለም ልሞላበት ፈልጌ ብዕሬን ማጠብ ከጀመርኩ ሁለት ቀን ሆነኝ። ሠላሳ ጊዜ ያህል ውኃ እየሳብኩ ባፈስም የሚወጣው ውኃ እስከ አሁን ሰማያዊነቱን አልተወም። ካርትሪጅ የሚገባበት ሌላው ብዕሬ ግን በአምስት ደቂቃ ይጠራል። ችግሩ ከብዕሩ ነው ወይስ ከአስተጣጠቤ?

መልስ፦ ብዕርዎ ደኅና ነው፤ የተለየው የውኃው መንገድ ነው። ካርትሪጅ የሚገባበትን ብዕር ሲያጥቡ ካርትሪጁን ነቅለው ውኃውን ከኋላ በኩል ይለቁበታል፤ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል። በፒስተን ብዕር ግን የቀለሙ ቋት የብዕሩ አካል ራሱ ስለሆነ የሚነቀል ነገር የለም፤ ውኃው የሚገባውም የሚወጣውም ቀለሙ በሚሄድበት በዚያው በጠባቡ ቦይ ነው።

ከብረቱ ጫፍ ሥር የተለጠፈውን ጥቁር ክፍል ልብ ብለው ይመልከቱት። በዚህ ዓምድ መጋቢ እለዋለሁ። በመሐሉ እንደ ክር የቀጠነ ቦይ አለው፤ በብዙዎቹ ብዕሮች ላይ ደግሞ በጎንና በጎኑ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ቀጫጭን ክፍተቶች ይገኛሉ። ቦዩ ቀለሙን ወደ ጫፉ ያወርዳል፣ በምትኩም አየር ወደ ቋቱ ያስገባል፤ ክፍተቶቹ ከሚገባው በላይ የወረደውን ቀለም ይዘው ወረቀቱ ላይ ጠብ እንዳይል ያቆዩታል። ቀለም ይዞ እንዲቆይ የተሠራ ክፍል በሚታጠብበት ጊዜም ቀለሙን ቶሎ ባይለቅ አያስገርምም።

ትንሽ ስሌት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ቋቱ 1.4 ሚሊ ሊትር ይይዛል፣ ፒስተኑን እስከ መጨረሻው ሲያወርዱትም 0.14 ሚሊ ሊትር ያህል ፈሳሽ ይቀርበታል እንበል። እንግዲያው በእያንዳንዱ ሙሌት በቋቱ ያለው ቀለም ወደ አንድ አሥረኛ ይሳሳል፤ በሦስተኛው ሙሌት ከሺህ አንድ እጅ፣ በአምስተኛው ከመቶ ሺህ አንድ እጅ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ቋቱ ከጠራ ቆይቷል። ከዚያ በኋላ የሚያዩት ሰማያዊ ከመጋቢው ክፍተቶች ቀስ እያለ የሚሾልከው ነው፤ እርሱን የሚያወጣው ደግሞ ጊዜ እንጂ የእጅ ድካም አይደለም።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ውኃ ስድስት ጊዜ ያህል እየሳቡ ያፍስሱ፤ በሰባተኛው ውኃውን ውስጡ ይተዉትና የብረቱ ጫፍ ብቻ እንዲጠልቅ አድርገው ውኃ በያዘ ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ አቁመው ያሳድሩት። ብርጭቆው ብርሃን ፊት ከሆነ ቀለሙ እንደ ቀጭን ጭስ ከጫፉ እየተመዘዘ ሲወርድና ከብርጭቆው ግርጌ ሲተኛ ያዩታል። ጠዋት ሁለት ሦስት ጊዜ ስበው ካፈሰሱ በኋላ ጫፉን በታጠፈ ሶፍት ጠቅልለው፣ ብዕሩን አዘቅዝቀው በባዶ ብርጭቆ ውስጥ ያቁሙት፤ ሶፍቱ በመጋቢው ውስጥ የቀረውን እየመጠጠ ያወጣዋል። በመጀመሪያው ሶፍት ላይ የሚታየው ደማቅ ነጠብጣብ ነው። ሶፍቱን በለወጡ ቁጥር መሐሉ እየገረጣ፣ ጠርዙ ብቻ የቀለመ ቀለበት እየሆነ ይሄዳል። ሶፍቱ ርሶ ቀለም ካልታየበት ብዕሩ ጸድቷል። መልሰው ያንኑ ቀለም የሚሞሉ ከሆነ ግን እስከዚህ መድከም አያስፈልግም፤ የገረጣ ሰማያዊ የቀረበት ብዕር ያንኑ ሰማያዊ ቢሞላ የሚጎዳው ነገር የለም።

ሠላሳ ጊዜ ማዞሩ ከዚህ በተጨማሪ የራሱ ጉዳት አለው። ፒስተኑ ላይ ያለው ማሸጊያ ከቋቱ ግድግዳ ጋር እየተፋተገ የሚሠራ በመሆኑ እያንዳንዱ ምልልስ ትንሽ ትንሽ ይበላዋል። ብዕርዎ እንደ ፔሊካን ኤም 400 እና ኤም 800 ጫፉ ከነመጋቢው ተፈትቶ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ፣ በውኃ ካረሰረሱት በኋላ ብረቱንና መጋቢውን በአውራ ጣትዎና በሌባ ጣትዎ አንድ ላይ ይዘው ወደ ግራ ያዙሩት። ብረቱን ብቻ ይዘው እንዳያዞሩ አደራ፤ ከመጋቢው ላይ ይንሸራተትና አቀማመጡ ይበላሻል። ከወጣ በኋላ ቋቱን መርፌ በሌለው ስሪንጅ ሊያጥቡት ይችላሉ፤ ፒስተኑን አንድም ጊዜ ማንቀሳቀስ ሳያስፈልግዎ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠራል።

ጥያቄ፦ አባቴ ሲጽፉበት የኖሩት የፒስተን ብዕር ከእርሳቸው ሕልፈት በኋላ ለብዙ ዓመታት መሳቢያ ውስጥ ቆይቶ አሁን በእኔ እጅ ገብቷል። ኋላው ፈጽሞ አይዞርም። በፒንሳ ይዤ ላስለቅቀው ወይስ በሙቅ ውኃ ልዘፍዝፈው?

መልስ፦ እባክዎ ሁለቱንም አያድርጉ። ይህን የምለው በራሴ ከደረሰው ተነሥቼ ነው። ከዓመታት በፊት በእጄ የገባ አንድ አሮጌ ብዕር እንደ እርስዎ አልዞር ቢለኝ ትንሽ ብቻ ጠበቅ አድርጌ አዞርኩት፤ ቀጭ የሚል ደረቅ ድምፅ ሰማሁ፤ ማዞሪያውም በጣቶቼ መካከል በባዶው ይሽከረከር ጀመር። ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ ተሰብሮ ነበር፤ ፒስተኑ ራሱ ግን ከደረቀው ቀለም ጋር ተጣብቆ ካለበት ንቅንቅ አላለም። የጣት ኃይል በብሎን ጥርስ ውስጥ ሲያልፍ ብዙ እጥፍ ሆኖ ፒስተኑ ላይ እንደሚያርፍ ያን ጊዜ አላሰብኩትም። በጣት ቀላል የሚመስለው ጥምዘዛ ውስጥ ላለው ቀጭን ዘንግ ከባድ ሸክም ነው፤ በፒንሳ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፣ ሰውነቱንም ይሰነጥቃል።

ሙቅ ውኃን በተመለከተ የብዕሩ ዕድሜ ራሱ ያስጠነቅቀናል። ይህ ዓይነቱ አሠራር የታወቀው የጀርመኑ ፔሊካን በሃንጋሪያዊው መሐንዲስ በቴዎዶር ኮቫች ፈጠራ የተሠራውን ብዕር እ.ኤ.አ. በ1929 ለገበያ ካቀረበ በኋላ ነው። በዚያ ዘመንና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ብዕሮች ከሴሉሎይድና ኢቦናይት ከሚባለው ጠንካራ ጎማ ይሠሩ ነበር። ሴሉሎይድ በሙቀት ይጣመማል፤ ኢቦናይት ደግሞ ጥቁርነቱን አጥቶ ወደ ቡናማ ይለወጣል፣ ያም በማጠብ የሚመለስ አይደለም።

መፍትሔው ውኃና ትዕግሥት ነው። ከጫፉ እስከ መያዣው አንገት ብቻ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ያቁሙት እንጂ መላውን ብዕር አይዝፈቁት፤ ከማዞሪያው በኩል የገባ ውኃ መውጫ አያገኝምና በውስጡ ያለውን ብረት ያዝገዋል። ውኃውን ጠዋትና ማታ ይለውጡ። በየለውጡ ማዞሪያውን በሁለት ጣት ብቻ፣ ማንኪያ ለማንሣት በሚበቃ ኃይል፣ ወደ አንዱም ወደ ሌላውም አቅጣጫ ይሞክሩት። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የፀጉር ያህል ከተንቀሳቀሰ ደስ ይበልዎ፤ ግን በአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አይሂዱ፣ ትንሽ ወደፊት ትንሽ ወደኋላ እያሉ ውኃው በማሸጊያው ዙሪያ እንዲገባ ጊዜ ይስጡት። ሳምንት ሙሉ ውኃው መቅለሙን ካላቆመ እንኳን ሥራው እየሄደ ነው ማለት ነው። ውኃው ጠርቶ ማዞሪያው አሁንም እምቢ ካለ ወይም እየዞረ ቀለም ካልሳበ ማሸጊያው ሳይሆን አይቀርም፤ በቀድሞዎቹ ብዕሮች ማሸጊያው ከቡሽ የተሠራ ነበር፣ ቡሽ ደግሞ ሲደርቅ ይኮማተራል። ያን ጊዜ አሮጌ ብዕር የሚጠግን ባለሙያ ዘንድ ይውሰዱት። ለአባትዎ ብዕር ይህ ጥንቃቄ አይበዛበትም።

ጥያቄ፦ ውኃ ብቻውን ያላስለቀቀውን ቀለም በአልኮል ወይም በበረኪና ማጽዳት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። አልኮል ብዙ የፕላስቲክ ዓይነቶችንና ሴሉሎይድን ያደበዝዛል፣ ይሰነጣጥቃልም፤ በረኪና ብረቱንም ማሸጊያውንም ይበላል። መጀመሪያ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምረው ይሞክሩ፤ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ካልሆነ አንድ እጅ የቤት አሞኒያ በዘጠኝ እጅ ውኃ አቅጥነው፣ አንድ ጠብታ ሳሙና ጨምረው ወደ ቋቱ ይሳቡትና ከሩብ ሰዓት በኋላ አፍስሰው በብዙ ውኃ ያለቅልቁት። የብዕሩ ውስጥ ናስ ወይም አሉሚኒየም ካለበት ግን አሞኒያ አይጠቀሙ። አሞኒያንና በረኪናን በምንም ምክንያት አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

የብረት ውሕድ ያለበትን፣ ሲጻፍ ገርጥቶ ቆይቶ የሚጠቁረውን ቀለም ከተጠቀሙ ነገሩ ይለያል። የእርሱ ዝቃጭ ለሳሙናም ለአሞኒያም እጅ አይሰጥም፤ በውኃ የሟሟ ቫይታሚን ሲ ግን ያሟሟዋል። ለአጭር ጊዜ አቆይተው በደንብ ያለቅልቁት። ለሥዕልና ለንድፍ የሚሸጠውን፣ ጥቀርሻና ሙጫ ያለበትን ቻይና ቀለም ግን ከመጀመሪያውም አይሙሉ፤ በመጋቢው ውስጥ ከደረቀ ምንም ዓይነት እጥበት አያስለቅቀውም።

ጥያቄ፦ ብዕሬን ካጠብኩት ወዲህ ማዞሪያው ከብዶኛል፣ ሲዞርም ይንተባተባል። ቫዝሊን ልቀባው አሰብኩ። ትክክል ነኝ?

መልስ፦ ቅባት እንደሚያስፈልገው በትክክል አውቀዋል፤ ቅባቱ ግን ቫዝሊን አይሁን። ቫዝሊን ከነዳጅ የሚገኝ ስለሆነ የጎማ ማሸጊያን ያሳብጣል፣ ከቀለሙም ጋር ተቀላቅሎ ቦዩን ይደፍናል። የሚፈለገው ንጹሕ ሲሊከን ግሪስ ነው።

አቀባቡ በብዕሩ ዓይነት ይወሰናል። ትዊዝቢ የተባለው የታይዋን ሥራ ለባለቤቱ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ከብዕሩ ጋር የፒስተኑ መፍቻ ቁልፍና ግሪስ አብሮ ይመጣል። ጫፉ የሚፈታ ፔሊካን ከሆነ ፒስተኑን መፍታት አያስፈልግም፤ ጫፉን ያውጡ፣ ፒስተኑን ወደ ላይ ይሳቡ፣ በስቴኪኒ ጫፍ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ግሪስ በቋቱ ግድግዳ ላይ ይቀቡና ፒስተኑን ሁለት ሦስት ጊዜ ያመላልሱት፤ ራሱ ያዳርሰዋል። ከሰሊጥ ፍሬ የበለጠ አይጨምሩ። ትርፉ ወደ መጋቢው ወርዶ ቀለም እንዳያልፍ ያግዳል፤ ያን ግሪስ ማውጣት ደግሞ ከመጀመሪያው ችግር የከፋ ነው። የኤም 200ና የኤም 400 ፒስተን በጥርስ የታሰረ ሳይሆን ተገፍቶ የገባ ስለሆነ ይፈታ ይሆናል ብለው አይጠምዝዙት። የሞንብላን ፒስተን ልዩ መፍቻ ስለሚጠይቅ ለባለሙያ ቢተዉት እመክራለሁ። ላሚ 2000ን የሚፈቱ ከሆነ በአንገቱ ላይ ያለችው፣ ሁለት ጆሮ ያላት ቀለበት ወድቃ እንዳትጠፋ ከሥር ነጭ ጨርቅ ያንጥፉ፤ ክዳኑን ይዛ የምታቆየው እርሷ ናት።

ጥያቄ፦ ብዕር በስንት ጊዜ አንዴ መታጠብ አለበት? ቀለሙ ሊያልቅ ሲልስ ጠብ የሚለው ስላልታጠበ ይሆን?

መልስ፦ በየቀኑ የሚጻፍበትና ያንኑ ቀለም የሚሞላ ብዕር በሁለት ወይም በሦስት ወር አንዴ ቢታጠብ ይበቃዋል። ቀለም ሲቀየር ግን ሁልጊዜ ይታጠብ። ለሳምንታት የማይጽፉበት ከሆነ ባዶውን፣ ታጥቦና ደርቆ ይቀመጥ፤ ውኃው ተንኖ ማቅለሚያው ብቻ የሚቀረው በእንደዚህ ያለ ጊዜ ነው።

ጠብ የማለቱ ምክንያት ሌላ ነው። ቀለሙ ሲጎድል ቦታውን አየር ይይዛል፤ አየሩ ከእጅዎ ሙቀት ሲያገኝ ይሰፋና የቀረውን ቀለም ወደ ታች ይገፋዋል። ቋቱ ትልቅ በሆነ መጠን የሚሰፋው አየርም ስለሚበዛ የፒስተን ብዕር ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ ሩቡ ሲቀር እንደገና ይሙሉት። ሲሞሉም ጫፉ ከነቀዳዳው ሙሉ በሙሉ ቀለሙ ውስጥ ይጥለቅ፤ ቋቱ ከሞላ በኋላ ሦስት ጠብታ ወደ ጠርሙሱ መልሱና፣ ጫፉን ወደ ላይ አቅንተው ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው ይመልሱት፤ በመጋቢው ላይ የተረፈው ቀለም ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ አንገቱን በሶፍት ይጥረጉ፤ ብረቱን ግን አይሹት፣ በስንጥቁ ውስጥ የሶፍት ጭረት ከገባ መስመሩ ይወፍርብዎታል።