እንጀራውን አታስጥሏቸው፤ ስኳሩን ቀንሱላቸው

እህቴ፣ አብሽሪ። አባትሽ ደሴ ላይ ቁርስ ሳይበሉ ተለክተው ስኳራቸው 112 መውጣቱን፣ ጎረቤት ደግሞ «እንጀራ ጨርሰው ይተዉ፣ ዳቦ ይብሉ» እንዳላቸው ጽፈሻል። እኔ ኮምቦልቻ ነኝ። እናቴ ስኳር አለባት፣ ባለቤቴም እንደ አባትሽ ዓይነት ቁጥር ወጥቶለት ነበር። የሁለቱንም ምግብ የምሠራው እኔ ስለሆንኩ የማውቀውን ልንገርሽ።

በባዶ ሆድ ከ100 በታች ጤነኛ ነው። 126ና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ የስኳር በሽታ ይባላል። የአባትሽ መሐል ላይ ነው፤ ቅድመ ስኳር ይሉታል። ሰውነት ለኢንሱሊን፣ ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት ለሚያስገባው ሆርሞን፣ አልታዘዝ ሲል ቆሽት አብዝቶ እያመረተ ይሸፍናል። እሱም ሲያቅተው ስኳሩ ከፍ ይላል። ሆድና ጉበት ላይ የሚጠራቀም ስብ ነገሩን ያባብሰዋል። የሦስት ወሩንም ምርመራ (HbA1c የሚሉትን፣ ያለፉትን ሦስት ወራት አማካይ ስኳር የሚያሳየውን የደም ምርመራ) አስደርጉላቸው። ከ5.7 እስከ 6.4 በመቶ ከሆነ አሁንም መሐል ላይ ናቸው። ደም ግፊታቸውም ይለካ፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ነው የሚገኙት።

ከዚህ ደረጃ መመለስ ይቻላል። አሜሪካ ውስጥ ቅድመ ስኳር ባለባቸው 3,234 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 ወጥቶ ነበር። አመጋገባቸውን አስተካክለው፣ በሳምንት 150 ደቂቃ እየተንቀሳቀሱ፣ ክብደታቸውን 7 በመቶ ለመቀነስ የሠሩት በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒን የወሰዱት ደግሞ በ31 በመቶ። ባለቤቴም ቁጥሩ ወርዶለታል፣ አልሐምዱሊላህ።

አሁን እንጀራው። የጤፍ ቅንጣት በጣም ትንሽ ስለሆነች ከነቆዳዋ ነው የምትፈጨው፤ አሰሩ አብሮ ይገባል። የባቲና የቃሉ ማሽላም ሳይፈተግ ከተፈጨ እንደዚያው ነው። የፉርኖ ዱቄት ግን አሰሩ ወጥቶለታል። እንጀራን በነጭ ዳቦ መተካት ምንም አይጠቅማቸውም። የተጋገረ የምትገዙ ከሆነ ግን ሩዝ የተቀላቀለበት እንዳይሆን ጠይቁ። ትልቁ ነገር መጠኑ ነው። ሁለት የሚበሉ ከሆነ አንድ ይሁንላቸው፣ ምስሩና ጎመኑ ይብዛ። እኛ ቤት ጎመኑንና ምስሩን በማንኪያ እናስቀድማለን፣ እንጀራው ኋላ ይመጣል። እንዲህ ሲሆን ከምግብ በኋላ ስኳሩ በአንዴ አይወጣም።

እኔን ብትጠይቂኝ ግን ወሎ ላይ መጀመሪያ መታየት ያለበት የቡናው ስኳር ነው። በሲኒ ሁለት ማንኪያ ብለሽ አስቢው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ጠዋት አንድ ዙር፣ ከሰዓት አንድ ዙር። አሥራ ሁለት ማንኪያ ሆነ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው፣ ስለዚህ 48 ግራም። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ25 በታች እንዲሆን ነው የሚመክረው። ሻዩ፣ ለስላሳውና ጁሱ እኮ ገና አልተቆጠሩም! ቡናውን ራሱን እንዳታስቀሩባቸው። ጎረቤት የሚገናኝበት፣ ዱዓ የሚደረግበት ነው። ስኳሩን ብቻ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነሳችሁ አውርዱት፤ ምላስ ይለምዳል። በስኳሩ ፈንታ ጨው መጨመር ግን ለግፊታቸው ጥሩ አይደለም። የቡና ቁርሱም ከድፎ ዳቦ ይልቅ ጭብጥ ቆሎ ቢሆን ይሻላል።

ዘይቱንም ቀንሱት። ፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ እንደ ቅቤ የሚረጋው ዓይነት ስብ ነው። ለሽሮም ለምስርም የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት፣ እሱም በመጠኑ።

ጾም ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ረመዳንም ሑዳዴም ቢሆን። ቀኑን ሙሉ ጾሞ ማፍጠሪያ ላይ ሳንቡሳና ጣፋጭ ጁስ፣ ወይም ጾሙን በሙሉ ድንችና ፓስታ ከሆነ ጾሙ ለስኳሩ አይረዳም። ቴምር ሁለት ሦስት ፍሬ፣ ከዚያ ሾርባና ምስር ይበቃል። አባትሽ አሁን መድኃኒት ላይ አይደሉም። እንደ እናቴ ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር እንዳይጾም፤ ስኳሩ በጣም ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። አብሽ ወይም ሽፈራው ጀመርኩ ብሎ ኪኒን ማቋረጥም አደገኛ ነው። ይህን ሳይ በጣም ነው የሚያሳዝነኝ።

ከእራት በኋላ አሥራ አምስት ደቂቃ ይራመዱ። ደሴ ዳገት አያጣችም፣ ሜዳ ሜዳውን ይምረጡላቸው። ጡንቻ ሲሠራ ስኳሩን ከደም ውስጥ ይወስዳል።

ውሃ ጥም፣ ቶሎ ቶሎ ሽንት፣ ያለ ምክንያት መክሳት ካዩ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሐኪም ቤት ውሰዷቸው። አንቺና ወንድሞችሽም በባዶ ሆድ ተለኩ። ወላጅ ላይ ከታየ ልጅ ላይ የመምጣት ዕድሉ ከፍ ይላል። የሦስት ወሩ ውጤት ሲወጣ እዚሁ ጻፊልኝ።