የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የትኬቱ ገንዘብ ማን እጅ ይገባል?

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ፊልሞች በሲኒማ ቤት ስለሚያስገቡት ገቢ፣ በተለምዶ ቦክስ ኦፊስ ስለሚባለው፣ የሚጠይቁ ስለነበሩ የዛሬውን ዓምድ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በምሳ ሰዓት ስለ ፊልም መከራከር ልማዳችን ነው። ‹ጆን ካርተር› የተባለው የዲዝኒ ፊልም በዓለም ዙሪያ 284 ሚሊዮን ዶላር እንዳስገባ፣ የተሠራውም በ250 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሆነ አንብበናል። እኔ ‹34 ሚሊዮን አትርፏል› ስል እነሱ ክፉኛ ከከሰሩት ፊልሞች አንዱ ነው ብለው ሳቁብኝ። ማናችን ነን ትክክል?» አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ባልደረቦችዎ ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን የእርስዎ ስሌት የብዙ ፊልም አፍቃሪዎች ስሌት ስለሆነ ጉዳዩን ረጋ ብለን ብናየው ይጠቅማል። ጋዜጦች የፊልም ገቢ ብለው የሚያትሙት ቁጥር ተመልካቹ በትኬት መሸጫው መስኮት የከፈለው ገንዘብ ድምር እንጂ ፊልሙን ያሠራው ስቱዲዮ እጅ የገባው ገንዘብ አይደለም።

እስቲ አንዲት ትኬት ይዘን እንከተላት። አሜሪካ ውስጥ በ10 ዶላር ተሸጠች እንበል። ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ፣ ማለትም 5 ዶላሩ፣ እዚያው ሲኒማ ቤቱ ዘንድ ይቀራል፤ የአዳራሹ ኪራይና መብራት የሚከፈለው፣ ትኬት ቆራጩና ፊልም አጫዋቹ ደመወዝ የሚያገኙት ከዚሁ ነው። ብዙ የተጠበቀ ፊልም ሲሆን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የስቱዲዮው ድርሻ ከግማሽ ከፍ ይላል፤ የሲኒማ ቤቶች ኑሮ በፈንዲሻና በለስላሳ ሽያጭ ላይ የተንጠለጠለውም በዚህ ምክንያት ነው። ትኬቷ ከአሜሪካ ውጭ የተሸጠች ከሆነ ለስቱዲዮው የሚደርሰው በአማካይ 4 ዶላር ገደማ ነው። ቻይና ውስጥ ደግሞ በገቢ ክፍፍል ለሚገቡ የውጭ ፊልሞች የሚሰጠው ድርሻ 25 በመቶ በመሆኑ 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ብቻ ይደርሰዋል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ እንመለስ። «ጆን ካርተር» በመጋቢት 2012 ሲወጣ ያስገባው 284 ሚሊዮን ዶላር በሁለት የሚከፈል ነው፤ 73 ሚሊዮኑ ከአሜሪካና ከካናዳ፣ 211 ሚሊዮኑ ከሌላው ዓለም የተገኘ ነው። ከመጀመሪያው ግማሹን፣ ከሁለተኛው 40 በመቶውን ብንወስድ ለስቱዲዮው የደረሰው በግርድፉ 120 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። በሌላው ወገን 250 ሚሊዮኑ የመሥሪያ ወጪ ብቻ ነው፤ ለማስታወቂያና ለማከፋፈል የወጣው፣ በዚህ ደረጃ ላሉ ፊልሞች 100 ሚሊዮን ዶላር መድረሱ የተለመደ ሲሆን፣ በዚያ ቁጥር ውስጥ አይገባም። ዲዝኒም ፊልሙ ከወጣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው በዚያ ሩብ ዓመት 200 ሚሊዮን ዶላር ያህል ኪሳራ እንደሚያስመዘግብበት በይፋ አስታወቀ። የፊልም ነጋዴዎች «ፊልም ወጪውን መለሰ የሚባለው የተሠራበትን ሁለት እጥፍ ተኩል ሲያስገባ ነው» የሚሉት ከዚህ ዓይነቱ ስሌት ተነሥተው ነው። ልኩ ከፊልም ፊልም ቢለያይም ለምሳ ሰዓት ክርክር ይበቃል። በእኔ እምነት መሥሪያ ወጪንና የትኬት ሽያጭን ያለ ማብራሪያ ጎን ለጎን የሚያትም ዘጋቢ አንባቢውን ያሳስታልና በዚህ ስሕተት እርስዎን ብቻ መውቀስ አይገባም።

ጥያቄ፦ «የሳምንቱ መጨረሻ ገቢ እሑድ ጠዋት ይፋ ይሆናል። የእሑድ ማታው ትዕይንት ገና ሳይታይ እንዴት ተቆጠረ?» አንባቢ፣ ከዳላስ፣ ቴክሳስ

መልስ፦ አልተቆጠረም፤ ተገምቷል። እሑድ የሚወጣው ቁጥር የዓርብና የቅዳሜው እውነተኛ ሽያጭ፣ የእሑዱ ደግሞ ቀደም ባሉ ተመሳሳይ ፊልሞች ልምድ የተሰላ ግምት ነው። ትክክለኛው ድምር ሰኞ ይወጣል፤ ሁለት ፊልሞች ለአንደኛነት ተቀራርበው ሲፎካከሩ ደረጃው ሰኞ ዕለት የሚገለባበጥበት ጊዜ አለ። ሐሙስ ማታ በቅድሚያ የሚታየው ትዕይንት ገቢም ከዓርብ ሒሳብ ጋር እንደሚደመር ልብ ይበሉ።

ጥያቄ፦ «እናቴ በወጣትነቷ ‹ነገም ሌላ ቀን ነው›ን አንብባ የወደደች ሰው ናት። ከዚያ ድርሰት የተሠራው ፊልም በዓለም አንደኛ ነው ትላለች። እኔ ግን በዝርዝሮቹ ሁሉ አናት ላይ የማየው ‹አቫታር›ን ነው። እናቴን ማረም ይገባኛል?» አንባቢ፣ ከሃይፋ

መልስ፦ እባክዎ አያርሟቸው። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሳሉ በሲጋራ ወረቀት ላይ የተረጎሙት የማርጋሬት ሚቸል ልብ ወለድ በ1939 «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» በሚለው የእንግሊዝኛ ርእሱ ወደ ፊልም ተቀይሮ ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ የአንድ ትኬት አማካይ ዋጋ ሩብ ዶላር አይሞላም ነበር። ፊልሙ በየጊዜው እየተመለሰ በመታየቱ በዚያች አገር ብቻ 200 ሚሊዮን ያህል ትኬት እንደተሸጠለት ይገመታል፤ የአገሪቱ ሕዝብ በወቅቱ 130 ሚሊዮን ገደማ እንደነበር ስናስብ የቁጥሩ ግዙፍነት ይገባናል። «አቫታር» በ2009 ወጥቶ፣ በኋላ በድጋሚ የታየበት ተጨምሮ፣ 2.9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲያስገባ ግን የአንድ ትኬት አማካይ ዋጋ ከ7 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር፤ በሦስት ገጽታ ሲታይ ደግሞ ዋጋው ከዚያም ይጨምራል። ስለዚህ በገንዘብ ከቆጠርን «አቫታር»፣ የዋጋ ንረቱን አስተካክለን ወይም በሰው ብዛት ከቆጠርን የእናትዎ ፊልም ይቀድማል። እኔ የሰውን ቁጥር የበለጠ አከብራለሁ፤ ዶላር ይረክሳል፣ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ግን በ1939ም ሆነ ዛሬ አንድ ሰው ነው።

ከዚሁ ጋር፣ ብዙ ጊዜ ችላ የሚባል አንድ ሌላ መለኪያ ላንሣ፤ እሱም ፊልሙ በሲኒማ ቤት የቆየበት ዘመን ነው። «ታይታኒክ» በታኅሣሥ 1997 ሲከፈት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ያስገባው 28.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ለ200 ሚሊዮን ዶላር ፊልም ይህ የሚያኮራ አልነበረም። ነገር ግን ያየው ሰው ላላየው እየነገረ፣ ያየውም እየተመለሰ፣ ለ15 ተከታታይ ሳምንታት አንደኛነቱን ሳይለቅ በሰሜን አሜሪካ ብቻ 600 ሚሊዮን አስገባ፤ የመክፈቻውን 21 እጥፍ ማለት ነው። በ2019 የወጣው «አቬንጀርስ፦ ኤንድጌም» በመክፈቻው 357 ሚሊዮን አስገብቶ በዚያው ገበያ የጨረሰው በ858 ሚሊዮን ነው፤ ሁለት እጥፍ ተኩል እንኳን አይሞላም። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን በ2002 በ108 አዳራሾች ብቻ ተከፍቶ በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ 600 ሺህ ዶላር እንኳን ያልሞላለት «ማይ ቢግ ፋት ግሪክ ዌዲንግ» ነው። በ5 ሚሊዮን ዶላር የተሠራው ይህ ፊልም አንድም ሳምንት አንደኛ ሳይወጣ በሰሜን አሜሪካ 241 ሚሊዮን አስገብቷል። የመክፈቻ ገቢ የሚነግረን ማስታወቂያው ስንት ሰው እንደጠራ ነው፤ ፊልሙ ስንት ሰው እንደያዘ የሚታወቀው ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ «ከኮቪድ ወዲህ ሰዉ ፊልም የሚያየው ቤቱ ሆኗል። ሲኒማ ቤት አበቃለት ማለት ይቻላል?» አንባቢ፣ ከዱባይ

መልስ፦ አይቻልም፤ እንደ ድሮው ነው ማለትም አይቻልም። የአሜሪካና የካናዳ ዓመታዊ የሲኒማ ገቢ በ2019 ከ11 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ «ባርቢ» እና «ኦፐንሃይመር» በአንድ ቀን ወጥተው አዳራሽ በሞሉበት በ2023 እንኳን ወደ 9 ቢሊዮን ገደማ ነው የተመለሰው። ቀድሞ ፊልም በሲኒማ ቤት መታየት ከጀመረ በኋላ ቤት እስኪገባ 90 ቀን ያህል ይጠበቅ ነበር፤ አሁን ብዙዎቹ በ45 ቀን ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ቤት ይገባሉ፤ ጥቂት መታገስ የሚችል ተመልካችም ቤቱ ሆኖ ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ «የፊልም ጽሑፍ ጸሐፊ ነኝ። አንድ ፕሮዲዩሰር ድርሰቴን ወስዶ በክፍያ ፈንታ ከተጣራ ትርፍ 10 በመቶ ሊሰጠኝ ውል አቅርቦልኛል። ፊልሙ ብዙ ተመልካች ካገኘ ገቢዬ ጥሩ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ምን ይመክሩኛል?» አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እባክዎ ከመፈረምዎ በፊት የሚከተለውን ታሪክ ያንብቡ። አርት ቡክዋልድ የተባለው አሜሪካዊ ጸሐፊ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለፓራማውንት ስቱዲዮ አጭር የፊልም ሐሳብ ሸጠ። ስቱዲዮው በ1988 ኤዲ መርፊ የሚተውንበትን «ካሚንግ ቱ አሜሪካ»ን አወጣ፤ ፊልሙም በዓለም ዙሪያ ከ280 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ቡክዋልድ ሐሳቡ የእኔ ነው ብሎ ከሰሰና በ1990 ተፈረደለት። ከተጣራ ትርፉ ድርሻው እንዲከፈለው ሲጠይቅ ግን ስቱዲዮው ፊልሙ የተጣራ ትርፍ የለውም የሚል መልስ ሰጠ። የሒሳብ መዝገቡ በፍርድ ቤት ሲመረመር ገቢው እየተነሣለት የሚሄድባቸው መስመሮች ታዩ፤ በቅድሚያ የማከፋፈያ ኮሚሽን፣ ቀጥሎ የማስታወቂያና የኮፒ ወጪ፣ ከዚያም የጽሕፈት ቤት ማስኬጃ ተብሎ በመሥሪያ ወጪው ላይ በጥቅል የሚታሰብ 15 በመቶ፣ በመጨረሻም ወለድ። ገቢው በጨመረ ቁጥር ኮሚሽኑም አብሮ ስለሚጨምር «የተጣራ» የተባለው ገንዘብ ሁልጊዜ አንድ ርምጃ ይርቃል። ዳኛው ከውሉ አንቀጾች አንዳንዶቹ ኅሊና የማይቀበላቸው ናቸው ብለው በየኑባቸው፤ በ1992 ለቡክዋልድ 150,000፣ ለሥራ አጋሩ ለፕሮዲዩሰሩ 750,000 ዶላር ተወሰነ።

እርስዎ እንደ ቡክዋልድ ዓመታት የሚፈጅ ክርክር ለማካሄድ አቅም ላይኖርዎ ስለሚችል ጥንቃቄው ከውሉ በፊት መሆን አለበት። መጠኑ አነስ ቢልም ጽሑፉን ሲያስረክቡ በእጅዎ የሚገባ ክፍያ ይጠይቁ። መቶኛ የሚወስዱ ከሆነም ከ«ተጣራ ትርፍ» ሳይሆን ሲኒማ ቤቱ ለፕሮዲዩሰሩ ከሚያስረክበው ገንዘብ ላይ ይሁን፤ እንዲህ ከሆነ 10 በመቶው ወደ 2 ወይም 3 ቢወርድ እንኳን የሚሻልዎ ይመስለኛል። ፕሮዲዩሰሩ «የተጣራ» የሚለውን ቃል አልለቅም ካለ ምን ምን ወጪ እንደሚቀነስ አንድ በአንድ በውሉ ይጻፍ፤ የሒሳብ መዝገቡን የማየት መብትዎም እንዲሁ። ውሉን ጠበቃ ያንብብልዎ።

ጥያቄ፦ «በዋሽንግተን አካባቢ የሐበሻ ፊልም ሲመጣ አዳራሽ ሞልቶ እናያለን፤ ነገር ግን በየሳምንቱ በሚወጣው የገቢ ዝርዝር ውስጥ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ለምን?» አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ዝርዝሩ ውስጥ የሚገባው አከፋፋዩ ወይም ሲኒማ ቤቱ ለቆጣሪ ኩባንያዎች ያሳወቀው ሽያጭ ነው። አዳራሽ ተከራይቶ ለአንድ ምሽት የሚታይ ፊልም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መንገድ አያልፍም። የክፍፍሉም ሥርዓት የተለየ ነው፤ አሳዪው ለአዳራሹ የተወሰነ ኪራይ ይከፍላል፣ የትኬቱ ገንዘብ ደግሞ በሙሉ የእሱ ይሆናል፤ ሰው ካልመጣም ኪሳራው በሙሉ የእሱ ነው።

ይህን መንገድ በአሜሪካ ትልቅ ደረጃ ካደረሱት አንዱ የእኛው ኃይሌ ገሪማ ናቸው። በ1993 ባርነትን ከተገዢዎቹ ወገን ሆኖ የሚያሳየውን «ሳንኮፋ» ሠርተው ሲጨርሱ በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል ውድድር ውስጥ ቢገቡም የሚያከፋፍልላቸው የአሜሪካ ኩባንያ አላገኙም። እሳቸውና ባለቤታቸው ሺሪክያና አይና በዋሽንግተን አዳራሽ ተከራይተው ማሳየት ጀመሩ፤ ወሬው ከሰው ወደ ሰው ሲዛመት ለሳምንታት ቆየ፤ ከዚያም የየከተማውን የጥቁር ማኅበረሰብ አስተባብረው ፊልሙን ከከተማ ወደ ከተማ ወሰዱት። ፊልሙ ታድሶ በ2021 በኔትፍሊክስ ሲወጣ ዓለም አዲስ እንደተገኘ ነገር ተቀበለው፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በሰው ልብ ውስጥ የቆየ ፊልም ነበር።

አገር ቤትም ቢሆን የየፊልሙን የትኬት ሽያጭ በየሳምንቱ ሰብስቦ ለሕዝብ የሚያወጣ መዝገብ የለንም። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሲኒማ ቤት በር ላይ ያየሁት ከዓይኔ አይጠፋም። ትኬት ቆራጩ እየቀደደ ሲያስገባ፣ ከጎኑ የፕሮዲዩሰሩ ወጣት ወኪል የደብተር ወረቀት ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ለገባው ሰው ሁሉ አንዳንድ ጭረት ይጭር ነበር፤ አምስተኛውን ጭረት በአራቱ ላይ አግድም ያሰምረዋል። ትዕይንቱ ሲጀመር ጭረቶቹን ቆጥሮ ከትኬቱ ጉርድ ጋር አመሳከረና ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። የዚያ ምሽት ገቢ የተጻፈው እዚያች ወረቀት ላይ ብቻ ነው። የፊልም ባለሙያዎቻችን ከባንክ ሄደው ብድር ለመጠየቅ፣ ከውጭ አጋር ጋር ለመደራደር፣ «ያለፈው ፊልሜ ይህን ያህል ሰው አይቶታል» ብለው የሚያስረዱበት ሰነድ የሚያጡት እንዲህ ዓይነቷ ወረቀት ከኪስ ስለማትወጣ ነውና፣ የፊልም ማኅበራትና ሲኒማ ቤቶች በጋራ ይህን ቁጥር ማሳተም ቢጀምሩ ትልቅ ሥራ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

እርስዎ በበኩልዎ ምን ማድረግ ይችላሉ ቢባል፣ በሚቀጥለው ጊዜ በአካባቢዎ የአገራችን ፊልም እንደሚታይ ሲሰሙ ትኬትዎን በሩ ላይ ሳይሆን ቀደም ብለው ይግዙ። አሳዪው የአዳራሹን ኪራይ የሚከፍለው በአብዛኛው ከትዕይንቱ በፊት ነው፤ ሁለተኛ ምሽት ይጨምር ወይስ ይተው የሚለውንም የሚወስነው አስቀድሞ የተሸጠውን ትኬት አይቶ ነው።