ውሃ የተኛበት ጥግ ላይ የተተከለው አይሪስ ለምን ይደርቃል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲያትል ነው። ከቤቴ ጀርባ አሸንዳው የሚወርድበት ጥግ ብርዱን ሙሉ ጭቃ ነው። ውሃ ይወዳል ሲሉኝ የጃፓን አይሪስ ተከልኩበት። ቅጠሉ በጸደይ ያምራል፤ ጁላይ ሲገባ ግን ጫፉ ይደርቃል። አበባውም እዚህ ግባ አይባልም። አፈሩ እንዲፋፋ ብዬ የምድጃ አመድና የቡና አተላ እጨምርበታለሁ። ምን ጎደለው?

መልስ፦ እናቴ፣ ውሃ ይወዳል ያሉዎት አልዋሹም። መቼ እንደሚወድ ግን አልነገሩዎትም። አይሪሱ አገሩ ጃፓን የለመደው ጁንና ጁላይ የሚወርድ ዝናብ ነው። ሲያትል ላይ ደግሞ በጋ ሲገባ ዝናብ እምብዛም አይጥልም። እርስዎ ጥግ ላይ ውሃ የሚቋጠረው ተክሉ በተኛበት ወቅት ነው፤ ያን ጊዜ ሥሩ ይበሰብሳል። ሊያብብ ሲል ደግሞ ይጠማዋል።

እኔ ብሆን ነቅዬ በፕላስቲክ የአበባ መትከያ አደርገዋለሁ። ከኤፕሪል መጨረሻ ጀምሮ መትከያውን ሳፋ ውስጥ ያስቀምጡት። ከሳፋው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ አይጥፋ። አበባው ሲያልፍ ያውጡት፤ አፈሩ ግን እርጥበት አይጣ። ኦክቶበር ላይ ውሃ የማይተኛበት ቦታ ያዛውሩት። ሥሩ እንደ ዝንጅብል አግድም ይተኛል፤ 5 ሴንቲ ሜትር አፈር ያልብሱት። «ሥሩ ፀሐይ ይምታው» የሚሉዎት ሰዎች የሚያወሩት ስለ ሌላው፣ ስለ ጢማሙ አይሪስ ነው። በየ3 ወይም 4 ዓመቱ ከፋፍለው ይትከሉት፤ ከተጨናነቀ አበባው ይቀንሳል።

አመዱን ይተዉት። ይህ አይሪስ የሚወደው አሲዳማ አፈር ነው፤ አመድ አሲዱን ይገድለዋል። አተላው ከኮምፖስት ጋር ተቀላቅሎ ስስ ሆኖ ቢበተን ግድ የለም። ክምር ሲሆን ግን ጋግሮ ውሃ አያስገባም። (ሦስተኛው በረካ ድረስ የሚጠጣበት ቤት አተላ እንደማይጠፋ አውቃለሁ!)

ጭቃው ጥግ ባዶ እንዳይቀር ከፈለጉ ቨርሲከለር የሚባለውን ሰማያዊ አይሪስ ይሞክሩ። የምሥራቅ ሰሜን አሜሪካ ረግረግ ተወላጅ ስለሆነ ጭቃ አይፈራም። በበጋ በጎማ ያጠጡት እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም። ቢጫውን አይሪስ ግን ጎረቤት በነጻ ቢሰጥዎትም እንዳይቀበሉ። የሐይቅና የወንዝ ዳር እየወረረ ስላስቸገረ ዋሽንግተን ስቴት ከጎጂ አረሞች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ግቢዎ ውስጥ ካለ ደግሞ ከነሥሩ ነቅለው ከቆሻሻ ጋር ይጣሉት፤ ኮምፖስት ውስጥ እንዳይገባ። ሲነቅሉ ጓንት ያድርጉ፤ ፈሳሹ ቆዳ ያሳክካል።