በአሜሪካ የጥቁር እናቶች ሞት፦ ሕግ ምን ሊያደርግ ይችላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ ነው። እዚህ አገር ጥቁር ሴቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ከነጮች በላይ የሚሞቱት ድሃ ስለሆኑ ነው ሲባል እሰማለሁ። ታዲያ የጤና መድን ለሁሉም ማዳረስ አይበቃም? መንግሥትስ ይህን በሕግ ሊያስተካክለው ይችላል?

መልስ፦ ድህነት ድርሻ አለው፤ ልዩነቱን ግን ብቻውን አያስረዳም። እ.ኤ.አ. በ2023 በሕይወት ከተወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር የሞቱት ጥቁር እናቶች 50.3 ሲሆኑ የነጮቹ 14.5 ነበር። የኮሌጅ ዲግሪ ባላቸው ሴቶች መካከል ደግሞ ልዩነቱ ይጠባል ሲባል ጭራሽ ይሰፋል።

መድኑን በተመለከተ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። በአገሪቱ ከ10 ወሊዶች የአራቱን ያህል ወጪ የሚሸፍነው ሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች መንግሥት የሚከፍለው የጤና መድን፣ ሲሆን፣ በእርግዝና ምክንያት የሚሰጠው ሽፋን ቀድሞ ከወሊድ በኋላ በ60 ቀን ገደማ ያበቃ ነበር፤ ከሞቶቹ ከግማሽ የሚበልጡት ግን ከወለዱ ከሳምንት በኋላ እስከ ዓመት ባለው ጊዜ የሚደርሱ ናቸው። በ2021 የወጣው ሕግ ግዛቶች ሽፋኑን ወደ 12 ወር እንዲያራዝሙ ፈቀደ፤ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ተቀብለውታል። በእኔ እምነት በዚህ ረገድ ከተወሰዱት እርምጃዎች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ እጅግ ቢዘገይም።

ሆኖም መድን ያላት ሴትም ሐኪም ቤት ገብታ ሰሚ ልታጣ ትችላለች። ስለ አድልዎ የሚሰጥ የጥቂት ሰዓት ሥልጠና ይህን ይለውጣል ብዬ ብዙ ተስፋ አላደርግም፤ የሚለውጠው ውሳኔውን ለባለሙያው ግምት የማይተው አሠራር ነው። የወላዷ የደም ግፊት 160/110 ደርሶ ካልወረደ፣ ማንም ትሁን ማን፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ መድኃኒት ይሰጣታል። የፈሰሳት ደምም በዓይን አይገመትም፤ የነከረው ጨርቅ በሚዛን ይመዘናል። በካሊፎርኒያ ሆስፒታሎች ይህን መሰሉን አሠራር በጋራ ሲተገብሩ፣ በደም መፍሰስ የሚደርሰው ከባድ ጉዳት ከሁሉም ይበልጥ የቀነሰው በጥቁር እናቶች ላይ ነበር። የሕግ አውጪዎች ጉልበት ያለውም እዚህ ላይ ነው፤ ከፋዩ መንግሥት እስከሆነ ድረስ፣ ክፍያውን ከዚህ አሠራር ጋር ማያያዝ ይችላል።

እንግሊዝኛ ለማይቀናት እናት ደግሞ ሕጉ ዛሬም ይሠራል። በ1964 የሲቪል መብቶች ሕግና በ2010 የጤና ሕግ መሠረት ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፤ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጇን አስተርጓሚ ሊያደርግባት አይችልም።