ወንድምሽ ሴት ካራክተር ቢመርጥ ያሳስባል ወይ? ከጌም ቤት የታየ መልስ

ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት፣ እህቴ። የ14 ዓመት ወንድምሽ ፍሪ ፋየር የሚባለውን የስልክ ተኩስ ጌም ሲጫወት ሁሌ ሴት ካራክተር (ጌሙ ውስጥ የሚሆነውን ሰው ማለት ነው) ነው የሚመርጠው። ጓደኞቹ ሙድ ይይዙበታል። እናታችሁም ሰምተው ተጨንቀዋል፤ ጻድቃኔ ማርያም ወስጄ ላስጠምቀው እስከማለት ደርሰዋል። አንቺ ደግሞ መሀል ላይ ሆነሽ «ይሄ ነገር ያሳስባል ወይስ አያሳስብም?» ብለሽ ጠየቅሽ።

እኔ ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ ለረጅም ጊዜ ጌም ቤት ነበረኝ። መብራት በሄደ ቁጥር ገቢውም አብሮ እየሄደ ሲያስቸግረኝ ወደ ሌላ ሥራ ገባሁ። ግን ልጆች ማንን እንደሚመርጡ፣ ለምን እንደሚመርጡ፣ ማን ማንን እንደሚያበሽቅ ሳይ ነው የከረምኩት። በአጭሩ ምርጫው አያሳስብም። የሚያሳስብ ሌላ ነገር አለ፤ እሱን ወደ ታች እነግርሻለሁ። ጻድቃኔ ማርያም ለበረከት ከሆነ ሂዱ፣ ደግ ነው። በዚህ ሰበብ ከሆነ ግን ትርፉ ልጁን ማሳፈር ነው።

መጀመሪያ «ለምን ሴት?» አትበይው። «ማንን ነው የምትጫወተው?» ብለሽ ጠይቂው። ስሟን ይነግርሻል። ፍሪ ፋየር ላይ ካራክተሮቹ የየራሳቸው ችሎታ አላቸው። ኬሊ የምትባለው ሯጭ ናት፤ ፍጥነት ትጨምራለች። ሞኮ የምትባለው ደግሞ የተመታውን ጠላት ምልክት ታደርግበታለች፤ ወዴት እንደሸሸ የቡድኑ ልጆች ሁሉ ያዩታል። አሎክ ወንድ ነው፤ አጠገቡ ያሉትን ጉልበት ይመልስላቸዋል። ዱሮ ለጀማሪ የሚሰጡት አዳምና ሔዋን የሚባሉ ነበሩ፤ እነሱ ምንም ልዩ ችሎታ የላቸውም። ሁለቱን ባዶ እጃቸውን ወደ ጦርነት መላካቸው ሁሌ ያስቀኛል። እና ሮጦ መጠጋት የሚወድ ልጅ ኬሊን ቢወስድ ምን ይገርማል?

ነገሩን የሚያውቅ ልጅ እዚህ ላይ ያቋርጠኛል። «የኬሊን ችሎታ እኮ ሌላ ካራክተር ላይ መጫን ይቻላል» ይለኛል። ልክ ነው፣ ይቻላል። ስለዚህ ችሎታ ብቻውን መልስ አይሆንም።

ቀጥሎ ካሜራው ነው። ፍሪ ፋየር ላይ ካሜራው ከካራክተሩ ጀርባ ነው የሚሄደው። ልጁ ጨዋታውን በሙሉ የሚያየው የዚያን ሰው ጀርባ፣ ፀጉርና ልብስ ነው። ሰዓታት ሙሉ የምታይው ነገር ደግሞ ደስ እንዲልሽ ትፈልጊያለሽ። ብዙ ጌም ላይ ለሴት ካራክተር የሚሠራው ልብስና ፀጉር ይበዛል፣ ይደምቃል። ካሜራው ዓይን ላይ የሆነባቸው፣ እጅና ጠመንጃ ብቻ የሚታይባቸው ጌሞች ላይ ግን ተጫዋቹ ራሱን እንኳን አያየውም፤ የሚያዩት ሌሎቹ ናቸው። እንዲህ ዓይነት ጌም የሚጫወቱ ልጆች ስለ ካራክተር ሲጨቃጨቁ ብዙም አልሰማሁም። ጭቅጭቁ የሚበዛው ጀርባ የሚታይበት ላይ ነው።

አሁን ከጌም ቤቴ አንድ ነገር ላጫውትሽ። ፕሌይስቴሽን ቱ ላይ ተከን 5 የሚባለው የድብድብ ጌም ዋናው እንጀራዬ ነበር። ሕጉ ተሸናፊ ይከፍላል ነው። እዚያ ጌም ላይ ኤዲ ጎርዶ የሚባል አለ። እንደ ብራዚሎቹ ካፖይራ እየጨፈረ በእግሩ ነው የሚማታው። ጌሙን ያልለመደ ልጅ እንኳን የእግር ቁልፎቹን ዝም ብሎ ከደበደበ ያሸንፍበታል። በዚህ ምክንያት ሁሉም ኤዲ ይላል። ክሪስቲ የምትባል ሴት ደግሞ አለች። ምቷ ከኤዲ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። እንዲያውም ከዚያ በፊት በወጣው ተከን 4 ላይ፣ በቤት ፕሌይስቴሽኑ፣ ኤዲ ራሱን የቻለ ካራክተር አልነበረም፤ ክሪስቲን መርጠሽ ልብስ ስትቀይሪ የሚመጣ ነበር። የእሷ ሦስተኛ ልብስ በይው!

ምቱ አንድ፣ ጉልበቱ አንድ። ግን ልጆቹ ኤዲን ነው የሚይዙት። ክሪስቲን የነካ ይፎገራል። አንድ ከደብረ ሲና መጥቶ አክስቱ ቤት ሆኖ የሚማር ልጅ ነበር፤ ቋሚ ደንበኛዬ። ክሪስቲን ብቻ ነው የሚይዘው። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ሲያላግጡበት ያመሻሉ። አንድ ቀን ለምን እሷን እንደሚይዝ ጠየቅኩት። «ሁለታችንም ኤዲ ከያዝን እኔ የቱ እንደሆንኩ ይጠፋብኛል» አለኝ። ይኸው ነው ምክንያቱ። ሁለቱ ኤዲዎች ተጠላልፈው ሲገለባበጡ ሌላው ልጅ የራሱን ይፈልጋል፣ እሱ ግን ዓይኑ ክሪስቲ ላይ ነው። እያሸነፈ አስከፈላቸው። ትንሽ ሰነባብቶ የሚፎግሩት ልጆች ራሳቸው «ዛሬ ክሪስቲን ለእኔ» ማለት ጀመሩ።

ስለ ሙዱም ያየሁት ይህንኑ ነው። ልጁ እየተሸነፈ ከሆነ ይብሳል፣ እያሸነፈ ከሆነ ይረሳል። አንቺ ገብተሽ ጓደኞቹን ብትቆጪለት ግን አዲስ መሳቂያ ትሰጫቸዋለሽ። «እህቱን ላከብን» ይባላል። «ሴት ጠመንጃ ይዛ ምን ታደርጋለች?» የሚል ካለ ሸዋረገድ ገድሌን ታሪክ መጽሐፍ ላይ ፈልግ በሉት። አርበኛ ነበረች፤ ጣሊያን ይዞ አዚናራ ደሴት ድረስ አጋዛት። ይበቃዋል።

እናታችሁ ይሄ ነገር አሁን የመጣ ፈሊጥ መስሏቸው ከሆነ አይደለም። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። በ1986 ኒንቴንዶ ሜትሮይድ የሚባል ጌም አወጣ። ተዋጊዋ ከራስ እስከ እግሯ በብረት ልብስ የተሸፈነች ናት፤ ማንነቷ አይታይም። ጌሙን በፍጥነት የጨረሰ ሰው ብቻ መጨረሻ ላይ ልብሱ ሲወልቅ ያያል፤ ሴት ናት። ስንቱ ወንድ ቀኑን ሙሉ ሴት ሆኖ ሲዋጋ እንደዋለ ያወቀው ያኔ ነው። ምንም አልሆነም፤ ተነስቶ እራቱን በላ። በ1996 ቶም ሬይደር መጣ። ላራ ክሮፍትን ብቻ ነው የምትጫወችው፣ ወንድ ምርጫ የለም። የጌም ቤት ሰው ሁሉ ያውቃታል።

ምርጫ ሲሰጥ ምን ይሆናል? ማስ ኢፌክት በሚባለው ጌም ላይ ኮማንደር ሼፐርድን ወንድ ወይም ሴት አድርገሽ ትጀምሪያለሽ። ታሪኩ ያው ነው፤ ድምፁ ይለያያል። ወንዱን ማርክ ሚር፣ ሴቷን ጄኒፈር ሄል ናቸው የተጫወቱት። የሠራው ባዮዌር የሚባለው ድርጅት በ2021 ባወጣው አሃዝ ከተጫዋቾቹ 32 በመቶው ሴቷን መርጠዋል። ከዚያ በፊት ስለ ሦስተኛው ክፍል ያወጣው አሃዝ 18 በመቶ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደንበኞቼም አሳሲንስ ክሪድ ኦዲሲ ላይ (የ2018 ጌም ነው) እህትና ወንድም ከሆኑት ከካሳንድራና ከአሌክሲዮስ ሲመርጡ ነገሩን በተዋናዮቹ ድምፅ ነበር የሚጨርሱት። «የእሷ ትወና ይሻላል» ይሉሻል፣ አለቀ።

ራስት የሚባለው፣ ባዶ እጅሽን ጫካ ውስጥ ነቅተሽ በሕይወት ለመቆየት የምትታገይበት ጌም ደግሞ ጨርሶ ምርጫ የለውም። ከ2016 ጀምሮ ጌሙ ራሱ ነው ወንድ ወይም ሴት የሚያደርግሽ፤ ከአካውንትሽ ጋር ስለተሳሰረ መቀየር አይቻልም። ሴት ሆነው የነቁ ወንዶች ብዙ ተማረሩ። ከዚያ ድንጋይ አንስተው እንጨት መቁረጣቸውን ቀጠሉ።

ጥናትም አለ። በ2014 የወጣ ነው፤ ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የሚጫወቱ 375 ሰዎችን ተከታትሏል። ከወንዶቹ 23 በመቶው ሴት ካራክተር ይዘው ነበር፤ ከሴቶቹ ወንድ የያዙት 7 በመቶ ናቸው። ለእናታችሁ የሚጠቅመው ሌላው ግኝት ነው። ሴት የያዙት ወንዶች ጌሙ ውስጥ አካሄዳቸው ያው እንደ ወንዶቹ ሆኖ ተገኘ። ከሌሎቹ ራቅ ብለው ይቆማሉ፣ ያለ ምክንያት ይዘላሉ። በጽሑፍ ሲያወሩ ትንሽ ለስለስ ይላሉ እንጂ ሴት ነኝ ብሎ ለማሳመን የሚለፋ የለም ነው የሚለው።

ይሄ ሁሉ አሃዝ ለእናታችሁ ከከበዳቸው በራሳቸው ሙያ ንገሪያቸው። ልጅ ሆናችሁ ተረት ሲነግሯችሁ በጅብ ድምፅ አጉረምርመው፣ በጦጢት ድምፅ ቀጥነው አልነበር? ተረቱ ሲያልቅ ግን ያው እናታችሁ ናቸው።

«ነገሩ ከጌም ያለፈ ቢሆንስ?» ብለሽ ታስቢ ይሆናል። የልጅ ልብ በፍሪ ፋየር ካራክተር አይነበብም። ስለ ራሱ የሚያስበውን ማወቅ ከፈለግሽ ቡና ሲፈላ አጠገብሽ ቁጭ ሲል አዋሪው። ስልኩን ይዘሽ አትመርምሪው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ከመሐል ሜዳ የመጣች የዘመድ ልጅ አለችን፣ ፍሪ ፋየር ላይ ጎበዝ ናት። ወንድ ካራክተር ነው የምትይዘው። ስሟንም የወንድ አድርጋዋለች፣ ማይኳን አትከፍትም። ለምን ስላት «ሴት መሆኔን ሲያውቁ መጫወት ይተዋሉ» አለችኝ። አንዱ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። አንዱ ፎቶ ላኪ ይላል። አንዱ ደግሞ ስትሸነፍ ወደ ማጀት ግቢ ይላታል። ዝም ብላ መጫወት ስለፈለገች ወንድ ሆነች። ወንድምሽ ሴት ሲመርጥ ሰው ይስቃል፣ እሷ ወንድ ስትመርጥ ግን ማንም ምንም አላላትም። እኔን የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው።

ይሄ ግን ወንድምሽንም ይነካዋል። ሴት ካራክተር የያዘ፣ ማይክ የማይከፍት ልጅ ሴት ሊመስላቸው ይችላል። እንግዳ ሰው የጓደኝነት ጥያቄ ይልካል። ዳይመንድ (የጌሙ ውስጥ ገንዘብ ነው) ልስጥሽ የሚል ይመጣል። ቀጥሎ ወደ ቴሌግራም እንውጣ ይላል። የ14 ዓመት ልጅ ነው፤ ወንድ መሆኑ አይጠብቀውም። ስለዚህ ማየት ያለብሽ እነዚህን ነው። የሚጠራበት ስም የሴት ነው ወይ? ጓደኞቹ ዝርዝር ውስጥ ያሉት የሰፈርና የትምህርት ቤት ልጆች ናቸው ወይስ የማያውቃቸው? ከማያውቀው ሰው ስጦታ ተቀብሏል? ፎቶ የጠየቀው አለ? እነዚህን ሳትቆጪ ጠይቂው። ከተቆጣሽ ይደብቅሻል። ጥሩ መልስ ካልሰጠሽ የማያውቃቸውን ከዝርዝሩ አብራችሁ አጥፉ፤ ጌሙን አትዝጊበት።

ሌላም አለ። አንዳንድ ልጆች ሆን ብለው ሴት ነኝ እያሉ ስጦታ ይለቅማሉ። ጌም ቤቴ ውስጥ በዚህ የሚኩራራ አይቻለሁ፤ ደህና ዘዴኛ የሆነ ይመስለዋል። ወንድምሽ ይሄን እያደረገ ከሆነ ያኔ ቆጣ በይ። ካራክተሩ ሴት ስለሆነች አይደለም፤ ሰው እያታለለ ስለሆነ ነው። ሰጪውም አንድ ቀን መታለሉን ሲያውቅ ዝም አይልም።

በመጨረሻ፣ ያቺ ካራክተር የለበሰችው ልብስ ደመቅ ያለ ከሆነ በነፃ ላይሆን ይችላል። ዳይመንዱ የተገዛው በማን ቴሌብር እንደሆነ አጣሪ። ከእናታችሁ ስልክ ከሆነ፣ የካራክተሯን ጾታ ወዲያው ነው የሚረሱት።