ፒኤፍኬ ኤቲፒ ብጨምርበትም አልቀንስ አለኝ ላልሽው እህት

ሰላም እህቴ፣ «የአይጥ ጡንቻ ላይ ፒኤፍኬ እየለካሁ ነው፣ ኤቲፒ ብጨምርም ብቀንስም አክቲቪቲው ያው ነው፣ ኢንዛይሙ ተበላሽቶብኝ ይሆን?» ብለሽ የለጠፍሽውን አሁን ነው ያየሁት። (ለማያውቅ፣ ፒኤፍኬ ስኳር በሚሰባበርበት መንገድ ላይ የሚሰራ ኢንዛይም ነው፣ ኤቲፒ ደግሞ የሴል ጉልበት፣ ሲበዛ ፒኤፍኬን ማገድ አለበት።) ከስር «አዲስ ኪት ግዢ» ያሉሽን ለጊዜው ተያቸው። የሞተ ኢንዛይም ስሎፑ (መስመሩ የሚጓዝበት ፍጥነት) ይወድቃል እንጂ እንዲህ ደልቶት አይሰራም። ያንቺ ጣጣ ፒኤፍኬው ሳይሆን አብረሽ የጨመርሻቸው ረዳት ኢንዛይሞች ላይ ነው ብዬ እወራረዳለሁ፣ ማስተርሴን ስሰራ እኔንም የበላኝ እሱ ስለሆነ።

1. ግን መጀመሪያ ፒኤችሽን እዪ። አብዛኛው ፕሮቶኮል 8 ወይ 8.2 አድርጊ ይልሻል፣ እሱ ኢንዛይሙ በሙሉ አቅሙ ስንት ይሰራል ለሚል ሰው ነው፣ እዛ ላይ ኤቲፒ ፒኤፍኬን ብዙም አይዘውም። እገዳውን ለማየት ወደ 7 አካባቢ መውረድ አለብሽ፣ ፍሩክቶዝ 6 ፎስፌቱንም (ፒኤፍኬ የሚሰራበትን ስኳር) መቀነስ፣ 5 ሚሊሞላር ገልብጠሽበት ኤቲፒ ያግድልኛል ብለሽ አትጠብቂ። ደሞ የኤቲፒ ዳይሶዲየም ሶልት ውሃ ውስጥ ሲሟሟ አሲድ ነው፣ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ካላስተካከልሽው ኤቲፒ በጨመርሽ ቁጥር ፒኤቹን ነው የምታወርጂው፣ ማግኒዚየሙም ሁሌ ከኤቲፒው በልጦ መገኘት አለበት።

2. አሁን ወደ ዋናው። ረዳቶቹ፣ አልዶሌዙ፣ ቲፒአዩና ግሊሴሮፎስፌት ዲሃይድሮጂኔዙ (የፒኤፍኬን ውጤት ተቀብለው ኤንኤዲኤች የሚያስበሉት፣ የምንለካው የኤንኤዲኤቹን መቀነስ ነው) በምን መልክ ነው የመጡልሽ? ጠርሙሱን ከፍሪጅ አውጪና ቀስ ብለሽ ነቅነቅ አድርጊው። ዱቄት ሳይሆን ነጭ፣ ደፍረስ ያለ ፈሳሽ ከሆነ አሞኒየም ሰልፌት ውስጥ ነው ያለው፣ አለቀ። አሞኒየም አዮን ፒኤፍኬን ያነቃዋል፣ ኤቲፒ የጫነበትንም ያነሳለታል፣ አንቺ ደግሞ በእያንዳንዱ ኪዩቬት ከረዳቶቹ ጋር እያጠጣሽው ነው። ክፋቱ ፍሩክቶዝ የሌለበት ብላንክሽ ላይ ምንም አይታይም፣ ኤንኤዲኤቹ ጸጥ ብሎ ይቀመጣል፣ ሁሉም ነገር ያማረ ይመስልሻል።

እኔ ይሄን ከመጀመሪያውም አውቀው ነበር እኮ። ስፔሲፊኬሽኑ ላይ «ሊዮፍላይዝድ (ደረቅ ዱቄት)፣ አሞኒየም ሰልፌት የሌለው» ብዬ በደማቁ ጽፌ ነው ያስገባሁት። ግዥ ክፍሉ ፕሮፎርማ ሰብስቦ ረከስ ያለውን ሰስፔንሽን (ያንን ደፍረስ ያለ ፈሳሽ) ገዝቶ አመጣልኛ! ልዩነቱን ላስረዳ ስሄድ ሰውየው ከኮምፒውተሩ ቀና እንኳን ሳይል «አልዶሌዝ አላልክም? ይኸው አልዶሌዝ ነው፣ ሞዴል 22 ላይ ፈርምና ውሰድ» አለኝ። ይቀየርልኝ ስል «የውጭ ምንዛሪ ስንት ወር እንደጠበቅን ታውቃለህ?» ትንሽ ስከራከር ደግሞ «እኛ ኬሚስት አይደለንም»። ታዲያ ኬሚስት ካልሆናችሁ ስፔሲፊኬሽን ማን ቀይሩ አላችሁ? ይሄን በሆዴ ነው ያልኩት፣ ምክንያቱም ኤንኤዲኤቹም ገና በእነሱ በኩል ነበር የሚመጣው። አንቺም የምትጠብቂው ሪኤጀንት ካለ ምላስሽን ያዢ።

ይባስ ብሎ አድቫይዘሬ ግራፉን አይቶ «አይጦችህ አዲስ ፒኤፍኬ ፈጥረዋል፣ ፐብሊሽ እናድርገው» እያለ ይቀልድብኛል።

መፍትሄው ግን በእጅሽ ነው፣ ግዥ ክፍል ደጃፍ ድጋሚ አትሂጂ። ሰስፔንሽኑን ሴንትሪፊዩጅ አድርጊና ከላይ ያለውን ፈሳሽ ጣይው፣ ከስር የቀረውን ነጭ ዝቃጭ በጥቂት ትሪስ ባፈር አሟሚውና ዲያሊሲስ ቱቦ ውስጥ አስገቢ (ጨውን አሳልፎ ኢንዛይሙን የሚያስቀር ነው፣ 12 ወይ 14 ኪሎዳልተን ይበቃል፣ ኢንዛይሞቹ ትልልቅ ናቸው አያመልጡም)፣ ከዛ በሰፊው ባፈር ውስጥ 4 ዲግሪ ላይ እያማሰልሽ አሳድሪው፣ ባፈሩን መሀል ላይ ቀይሪ። አሞኒየም ሰልፌቱ ማለቁን በምን አውቃለሁ ካልሽ ከኬሚስትሪ ክፍል ትንሽ ባሪየም ክሎራይድ ለምኚ። ቱቦው ከተነከረበት ባፈር ጠብታ ወስደሽ ባሪየሙ ላይ ጣል ስታደርጊበት ሰልፌት ካለ ወዲያው ወተት ይመስላል፣ ካለቀ ጥርት እንዳለ ይቀራል። ይሄን የነገረኝ የለም፣ ራሴ ነኝ ያሰብኩት፣ ግቢው ውስጥ እስካሁን በዚህ ነው የሚያስታውሱኝ። በፎስፌት ባፈር ግን አትሞክሪው፣ ባሪየም ከፎስፌትም ጋር ነጭ ይሰራል። ባሪየም መርዝ ነው፣ ሲንክ ውስጥ አትድፊ።

ከዲያሊሲስ በኋላ ረዳቶቹን እጥፍ አድርገሽ ለኪ፣ ስሎፑ ካልተነቃነቀ በቂ ናቸው ማለት ነው። ፒኤፍኬውን እጥፍ ስታደርጊ ደግሞ ስሎፑም እጥፍ መሆን አለበት። እኔ ይሄን ጨርሼ ኤቲፒውን ከፍ ሳደርግ መስመሩ ቁልቁል ሲወርድ አይቼ ላቦራቶሪ ውስጥ ብቻዬን ነበር የጮህኩት።

3. ምን ልል ነበር፣ አዎ፣ ቅዝቃዜ። ጡንቻውን ቶሎ አውጪ፣ የሞተ ጡንቻ ላክቲክ አሲድ ያጠራቅማል፣ የጡንቻ ፒኤፍኬ ደግሞ አሲድና ብርድ ሲገናኙበት ወይ በጣም ሲቀጥን አራቱ ክፍሎቹ ይለያዩና አክቲቪቲው ይሄዳል። ስለዚህ ዳይሉሽኑን ልትለኪ ስትዪ ስሪው፣ ማታ አዘጋጅተሽ አትደሪ። ኤንኤዲኤችም የዕለቱን በዕለቱ፣ ትንሽ አልካላይን በሆነ ነገር፣ አሲድ ውስጥ ይፈርሳል። 0.2 ሚሊሞላር ከሆነ 340 ናኖሜትር ላይ በ1.2 አካባቢ ነው የሚጀምረው፣ ከዛ በጣም ዝቅ ካለ ኤንኤዲኤችሽን ጠርጥሪ። ፍሩክቶዙን ከመጨመርሽ በፊት መስመሩ እስኪረጋ ጠብቂ፣ ያልጠራ ኤክስትራክት ራሱ ኤንኤዲኤች ይበላል፣ እሱን ቀንሺ።

ስለ ኪቱ፣ 340 ላይ ኤንኤዲኤች እያዩ መለካት ኦቶ ዋርበርግ በ1930ዎቹ የጀመረው ነገር ነው፣ ሳጥን ውስጥ ስለገባ አዲስ አይሆንም፣ ደሞ ኪቱ የተሰራው አክቲቪቲ ለመለካት እንጂ ያንቺን እገዳ ለማየት ላይሆን ይችላል።

ስታሰዪ በ6.22 (340 ላይ ኤንኤዲኤች ብርሃን የሚመጥበት ቁጥር) ብቻ አካፍለሽ እንዳታቆሚ። ቲፒአይ ስላለ ከአንድ ፍሩክቶዝ ቢስፎስፌት ሁለት ኤንኤዲኤች ነው የሚሄደው፣ ለሁለት አካፍዪ። ዲፌንስ ላይ ኤክስተርናሉ የመጀመሪያ ጥያቄው እሱ ነበር። አሁን ጠርሙሱ ላይ ምን እንደሚልና ፒኤችሽ ስንት እንደሆነ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ኢንቦክስ አላይም።